ከደቻቱ አሸዋ እስከ ጅቡቲ ባሕር ዳር፦ ልጆችን ውሃ ዳር ስለማዋል

በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ወደ አንድ ጉዳይ ያመራሉ፦ ልጆችን ይዞ ውሃና መጫወቻ ባለበት ቦታ መዋል። ባሕር ከእኛ ሩቅ ነው፤ ድሬዳዋ ግን ከባሕር ተነስቶ በመጣ ሐዲድ የተቆረቆረች ከተማ ስለሆነች የባሕሩ ወሬ ከቤታችን ጠፍቶ አያውቅም። ተቀራራቢ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

«ሦስት ልጆች (4፣ 7 እና 10 ዓመት) ይዘን እሑድ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ልንወርድ ነው። የምንውለው መዋኛና የልጆች መጫወቻ ያለበት ግቢ ነው። ባለፈው ስንሄድ ሁለቱን መንገድ ላይ አስመለሳቸው፤ ትንሹን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ራሱን አመመው። ቀኑን እንዴት እናውለው?» — አባት፣ ከጀጎል

ከራስ ምታቱ እንጀምር። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ፣ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በደንገጎ በኩል ሲወርዱ በአንድ ሰዓት ከምናምን ውስጥ ልጆቹ ከደጋ አየር ወደ ቆላ ሙቀት ይገባሉ። የሰው ገላ ሙቀት ለመልመድ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈልጋል። የድሬዳዋ ልጅ ሮጦ የማይደክምበት ሰዓት የሐረሩን ልጅ ሊጥለው የሚችለው ለዚህ ነው። እናም ቀኑን ከመግቢያ ትኬቱና ከመጫወቻው ብዛት በፊት በጥላው ሰዓት ይክፈሉት።

ከሐረር ንጋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቢነሱ 2 ሰዓት ገደማ ላይ ይደርሳሉ። የመጀመሪያውን ሰዓት ለዥዋዥዌና ለሸርተቴ ይስጡት፤ ብረቱና ፕላስቲኩ ገና አልጋለም። ከዚያ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ውሃ። ከ5 እስከ 9 ሰዓት ጥላ ሥር፦ ምሳ፣ ለትንሹ እንቅልፍ፣ ለትልልቆቹ ካርታ ወይም ገበጣ። ሁለተኛውን ዙር ከ9 ሰዓት በኋላ ይጀምሩና 11 ሰዓት ሳይሞላ ይውጡ፤ የደንገጎን ጠመዝማዛ የደከሙ ልጆች ይዞ በጨለማ መውጣት አይመከርም። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 4 ሰዓት ተኩል ላይ ደርሶ፣ «የከፈልንበት ነው» ብሎ ልጆቹን እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ ያቆያል። የዕለቱ ጠንካራ ጨረር የሚወርደው በዚያው ሰዓት ነው።

ማስመለሱ የሚመጣው ዓይን የሚያየውና ጆሮ ውስጥ ያለው ሚዛን ጠባቂ የሚነግረው ሲጣረሱ ነው። ልጁ ስልክ ላይ ሲያቀረቅር ዓይኑ «ቆሜያለሁ» ይላል፣ ጆሮው «እየዞርኩ ነው» ይላል። ስለዚህ ስልክ ይቅር፤ በሚኒባሱ ከፊት ረድፍ ይቀመጡ፣ በመስታወቱ ወደ ፊት ራቅ አድርገው ይዩ፣ መስኮቱ ጥቂት ይከፈት። ቁርሱ ከመነሳታችሁ 1 ሰዓት ቀድሞ ደረቅ ዳቦ በሻይ ይሁን። በእንቁላልና በዘይት የራሰ ፈጢራ ለመንገድ አይሆንም፤ ለመመለሻው ያቆዩት። ቁልቁለቱ ላይ ጆሯቸው ከተደፈነ ውሃ በትንሽ በትንሹ ይዋጡ ወይም ማስቲካ ያኝኩ።

የሚጠጣ ውሃ ለአምስት ሰው ከ10 ሊትር አያንስ። ልጅ ሲጫወት ጥማቱን አያዳምጥም፤ ጠርቶ ማጠጣት ያስፈልጋል። ለ10 ዓመቱ በየ20 ደቂቃው 2 የቡና ሲኒ (150 ሚሊ ሊትር ገደማ)፣ ለ4 ዓመቱ 1 ሲኒ ጥሩ ልክ ነው። ለስላሳ መጠጥ የውሃን ቦታ አይተካም። ልጁ ሽንት ቤት ሳይጠይቅ 4 ሰዓት ከሞላው ወይም ሽንቱ ጠቆር ካለ ውሃ አንሶታል ማለት ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ብዙ ላብ ካያችሁ ወደ ጥላ አስገቡት፣ ልብሱን አቅልሉለት፣ አንገቱንና ብብቱን በእርጥብ ጨርቅ እያበሳችሁ አራግቡለት፣ ኦአርኤስ (በላብና በተቅማጥ የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካ ዱቄት) በጥቂት በጥቂቱ አጠጡት (1 ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ፤ ከሌለ በ1 ሊትር ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው)። ከቀባጠረ፣ ከተወላገደ ወይም ከደነዘዘ ግን ይህ ሌላ ነገር ነው። ገላውን በውሃ እያራሳችሁ ቀጥታ ሐኪም ቤት ውሰዱት፤ በአፉ ምንም አትስጡት።

አንድ ነገር ስለ ሸርተቴ። ልጁ ከመውጣቱ በፊት መዳፍዎን ገልብጠው በእጅዎ ጀርባ ሸርተቴውን 5 ሰከንድ ይንኩ። እርስዎ ያልቻሉትን የልጅ ጭን አይችለውም። የ4 ዓመቱን ጭንዎ ላይ አስቀምጠው አብረው እንዳይንሸራተቱ። ፍቅር ይመስላል፣ ግን የልጁ እግር ከሸርተቴው ጠርዝ ጋር ሲያዝ የእርስዎ ክብደት ወደ ታች ይገፋዋል፤ የቅልጥሙ አጥንት የሚሰበረው በዚህ መንገድ ነው። ብቻውን መንሸራተት የማይችል ልጅ ለዚያ ሸርተቴ ገና ነው።

«የ5 ዓመት ልጄ ክንዱ ላይ የሚነፋ መንሳፈፊያ አድርጎ ደህና ይንሳፈፋል። ከመዋኛው አጠገብ ጠረጴዛ ይዤ ቡና እየጠጣሁ ብጠብቀው ይበቃል? ከጮኸ እሰማዋለሁ።» — የሦስት ልጆች እናት፣ ከሳቢያን

አይበቃም፤ ምክንያቱም አይጮኽም። ለዚህ ጥያቄ ሰፊ ቦታ የሰጠነው ስለምንፈራው ነው።

የሚሰጥም ልጅ አፉ ከውሃው በላይ የሚቆየው ለቅጽበት ነው። በዚያች ቅጽበት አየር ይስባል እንጂ ለመጮህ ጊዜ የለውም። እጁን አያውለበልብም፤ እጆቹ በደመ ነፍስ ወደ ጎን ተዘርግተው ውሃውን ወደ ታች ይጫናሉ። ከውጭ ለሚያየው መሰላል እየወጣ የሚጫወት ይመስላል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው ቃል በቃል እውነት ነው። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ሰውነቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ እግሩ አይራገጥም፣ ራሱ ወደ ኋላ ዘንበል ይላል፣ አፉ ልክ ውሃው ላይ ይሆናል፣ ፀጉሩ ዓይኑን ቢሸፍነውም አይጠርገውም፣ ሲጠሩት አይመልስም። ከዚህ በኋላ ያለው ጊዜ በሰከንድ የሚቆጠር ነው። ጫጫታ ያለበት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። ድንገት ዝም ያለውን ይዩት።

ክንድ ላይ የሚነፋው መጫወቻ ነው። ሲረጥብ ከክንድ ይሾልካል፣ በሙቀት ስፌቱ ይላላል፣ አንደኛው ሲተነፍስ ልጁን ይገለብጠዋል። ከሁሉ የከፋው ልጁን «መዋኘት እችላለሁ» ብሎ እንዲያምን ማድረጉ ነው፤ ሳያደርገው ዘሎ የሚገባበት ቀን ይመጣል። ወገብ ላይ የሚጠለቀው ክብ ጎማም ያው ነው፤ ልጁ ከተገለበጠ እግሩን ወደ ላይ አድርጎ ይይዘዋል። እውነተኛ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ከፈለጉ በልጁ ኪሎ የሚገጥመውን ይምረጡና ማሰሪያዎቹን ሁሉ ይቆልፉ። ከዚያ የሰደርያውን ሁለት ትከሻ ይዘው ወደ ላይ ይሳቡ። ወደ አገጩና ወደ ጆሮው ከወጣ ሰፍቶታል።

መዋኘት ለማይችል ልጅ ልኩ የክንድ ርቀት ነው፦ እጅዎን ሲዘረጉ የሚነኩት ቦታ፣ እርስዎም ውሃው ውስጥ። ቡናው ይቅር አንልም፤ ተራ ይግቡ። አንድ አዋቂ ለ15 ደቂቃ ጠባቂ ይሁን፦ ስልክ የለም፣ ወሬ የለም፣ ምግብ ማቅረብ የለም። ከዚያ በስም ጠርቶ ለሌላው ያስረክብ፤ «እኔ ይዣለሁ» የሚል መልስ ሳይሰማ ዓይኑን አያንሳ። ዘመድ በሚበዛበት ቀን አደጋ የሚበዛው ሁሉም ሌላው የሚያይ ስለሚመስለው ነው። ታላቅ እህቱ 9 ወይም 10 ዓመት ብትሆን ጠባቂ አትሆንም፤ ልታድነው ስትገባ ሁለቱም ይሄዳሉ።

የዋና ልብስ ሲገዙ ሰማያዊና ነጭ አይግዙ፤ ውሃ ውስጥ ይጠፋሉ። ደማቅ ብርቱካናማ ወይም የሚያበራ ሮዝ ከሥር ሆኖም ይታያል።

ክፉው ደርሶ ልጅ ከውሃ ካወጣችሁ እግሩን ይዛችሁ አትዘቅዝቁት፣ ሆዱንም አትጫኑ፤ ጊዜ ይበላል፣ ያስመልሰውና ትውከቱ ወደ ሳንባው ይገባል። የማይነቃና በወጉ የማይተነፍስ ከሆነ ጀርባው ላይ አስተኝታችሁ ራሱን ጥቂት ወደ ኋላ አቅኑ፣ አገጩን አንሱ፣ አፍንጫውን ይዛችሁ በአፉ 5 ጊዜ ትንፋሽ ስጡት፤ በእያንዳንዱ ደረቱ ሲነሳ ማየት አለባችሁ። ካልነቃ የደረቱን አጥንት መሐል ላይ የደረቱን ውፍረት አንድ ሦስተኛ ያህል (5 ሴንቲ ሜትር ገደማ) 30 ጊዜ ተጫኑ፣ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120፤ ከዚያ 2 ትንፋሽ፣ እንደገና 30። እርዳታ እስኪደርስ አታቁሙ። ሌላ ሰው ወዲያው ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደውል። ነቅቶ ቢያለቅስም እንኳ ውሃ ወደ ውስጥ ስቦ የሚያስል ልጅ ሐኪም ይየው፤ ጥቂት ሰዓታት ቆይቶ ትንፋሹ ሊባባስ ይችላል።

«የመዋኛው ውሃ ክሎሪን ክሎሪን ሲሸት ንጹሕ ነው ማለት ነው?» — ከከዚራ

ተቃራኒው ነው። በልኩ የታከመ ውሃ ብዙም አይሸትም። ያ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ የሚመጣው ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሃድ ነው። ሽታው የሚነግርዎት ሰው እንደበዛና ውሃው እንደደከመ ነው። ግቢው መለኪያ ካለው የሚጠየቁት ሁለት ቁጥሮች ናቸው፦ ነፃ ክሎሪን በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም፣ ፒኤች (የውሃው የአሲድነት ልክ) ከ7.2 እስከ 7.8። መለኪያ ከሌለ ዓይንዎ አለ፦ ጥልቁ ጋ ቆመው ከሥር ያለውን የውሃ መውረጃ ክዳን አጥርተው ካላዩት ልጅ አይግባ። ቆሻሻውን ትተን እንኳ፣ የሰጠመ ልጅም በዚያ ውሃ አይታይም። ክዳኑ የተሰበረ ወይም የጎደለ ከሆነም አይግባ፤ መሳቢያው ረጅም ፀጉር ይዞ ያስቀራል። የሴቶች ልጆችን ፀጉር ሹሩባ አድርጎ ማስያዝ ይበጃል።

ተቅማጥ የያዘውን ልጅ ደግሞ እባካችሁ ወደ መዋኛ አታምጡ። ክሎሪን ብዙ ጀርም ቶሎ ይገድላል፤ ተቅማጥ ከሚያመጡት ውስጥ ግን በክሎሪን ውስጥ ለቀናት የሚቆይ አለ።

«ለልጄ ልደት በአየር የሚነፋ መዝለያ (ልጆቹ ጃምፒንግ የሚሉት) ተከራይተን ግቢያችን ልናስተክል ነው። ምን እንጠይቅ?» — ከለገሀሬ

መጀመሪያ የሚያቆመውን ይጠይቁ። ይህ ነገር ውስጡ አየር ነው፤ ነፋስ ሲያገኘው ልጆቹን እንደያዘ የሚነሳ ሸራ ይሆናል። በሌላው ዓለም ልጆች የሞቱበት አደጋ በአብዛኛው ማሰሪያው ስለተዘለለ የመጣ ነው። ከሥሩ ዙሪያውን የተሰፉ ቀለበቶች አሉ፤ ቢያንስ 6 ይሆናሉ። ሁሉም ይታሰሩ፤ «አራቱ ይበቃል» የሚል አከራይ ካለ ይመልሱት። አፈር ላይ ከሆነ ችካሉ ብረት፣ ርዝመቱ 38 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 16 ሚሊ ሜትር፣ ራሱ የተድበለበለ ይሁን፤ ወደ ውጭ አጋድሎ እስከ አንገቱ ይመታ። የለገሀሬ ግቢዎች ብዙዎቹ ሲሚንቶ ናቸው። ሲሚንቶ ላይ ችካል ስለማይገባ በእያንዳንዱ ቀለበት ከ160 ኪሎ የማያንስ ክብደት ያስፈልጋል፤ ይህም 50 ኪሎ የሚይዝ አሸዋ የሞላ ጆንያ ቢሆን አራት ማለት ነው። አንድ ጆንያ ጣል አድርጎ መሄድ ማሰር አይባልም። አሸዋ ላይ ሲሆን ደግሞ ችካል ስለማይጨብጥ ያው ጆንያው ይሻላል።

የነፋሱ ወሰን በሰዓት 38 ኪሎ ሜትር ነው። መለኪያ ስለማይኖራችሁ በዛፍ ፍረዱ፦ ትናንሽ ዛፎች ከነግንዳቸው መወዛወዝ ከጀመሩና አቧራና ወረቀት መብረር ከጀመረ ልጆቹን አውጥታችሁ አስተንፍሱት። ድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ድንገት አቧራ ይዞ ስለሚነሳ ልደቱ ጠዋት ቢሆን ይመረጣል።

መብራት መጥፋቱንም አስቡ። ነፊው ማሽን ሲቆም ግድግዳው በልጆቹ ላይ ይተኛል። አንድ አዋቂ ከበሩ ሳይለይ ይቁም፤ ማሽኑ ዝም ሲል መጀመሪያ ልጆቹን ያውጣ፣ ምክንያቱን በኋላ ይፈልግ። ለጄነሬተር ነዳጅ የሚሞላውም ልጆቹ ከወጡ በኋላ ነው። የማሽኑ ገመድ የልጆች መተላለፊያ ላይ አይዘርጋ።

የቀረው አጭር ነው፦ ጫማ፣ መነጽር፣ ጉትቻና ከረሜላ ውጭ፤ ትልልቁና ትንንሹ በተለያየ ተራ፤ መገለባበጥ የለም። የእጅ ስብራት ከሚያመጡት አንዱ የ11 ዓመት ልጅ የ4 ዓመቱ ላይ መውደቁ ነው።

«የልጅ ልጆቼን ደቻቱ አሸዋው ላይ አውዬ አሳድጌያለሁ። አሁን ወላጆቻቸው ለአሸዋ መጫወቻ ገንዘብ ይከፍላሉ። አሸዋው ነፃ ቆሞ ምን ሆነው ነው?» — አያት፣ ከመጋላ

እናታችን፣ አሸዋው ጥሩ ነው፤ የባሕር ዳር ያላየ የድሬዳዋ ልጅ ግንብ መሥራት የተማረው እዚያ ነው። ወንዙ ግን የሚመጣው ሳይጠራ ነው። ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ሆኖ የሚቆይ የደራሽ ጎርፍ መንገድ ነው። ዝናቡ የሚዘንበው ከደቡብ ባሉት ተራሮች፣ ከደንገጎ በላይ ነው፤ ከተማ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ጎርፉ ሊደርስ ይችላል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ጎርፉ ያደረሰውን እርስዎ ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል። ጉልበት የሚደርስ ፈጣን ውሃ አዋቂን ይጥላል፤ ለልጅ ቁርጭምጭሚቱ በቂ ነው።

ከበልግ እስከ ክረምት፣ ከመጋቢት እስከ መስከረም መጀመሪያ፣ ልጅ አሸዋው ላይ አያውሉ። በበጋውም ወደ ደቡብ ይመልከቱ፤ ተራሮቹ ላይ ጥቁር ደመና ካለ፣ ከላይ እንደ መኪና የሚያጉረመርም ድምፅ ከተሰማ ወይም ቀጭን የደፈረሰ ውሃ መምጣት ከጀመረ ዕቃ ሳይሰበስቡ ወደ ዳር መውጣት ነው። አሸዋው ላይ ስብርባሪ ጠርሙስና መርፌም ስለማይጠፋ ልጆቹ ባዶ እግራቸውን አይሁኑ። ከወንዙ የሚቀረውን ጨዋታ ግቢ ውስጥ ማምጣት ይቻላል፦ አንድ ጋሪ የታጠበ የግንባታ አሸዋ፣ በአራት ሳንቃ ታጥሮ፣ ማታ ማታ ድመት እንዳይቆሽሽበት በሸራ ተሸፍኖ። ውሃ ጠብ ሲሉበት ግንቡ ይቆማል።

«እውነተኛውን ባሕር ልጆቻችንን ልናሳይ ነው። በባቡር ጅቡቲ ደርሰን በዚያው ቀን መመለስ እንችላለን? ወሩስ የትኛው ነው?» — ባልና ሚስት፣ ከድሬዳዋ

በአንድ ቀን ደርሶ መልስ አታስቡት። ከድሬዳዋ ጅቡቲ ከ300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ የድንበር ፍተሻ አለበት፤ ልጆች ደክመው ባሕሩን በራስ ምታት ያዩታል። ቢያንስ ሁለት ሌሊት ያዙ። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር የሚነሳው ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው አዲሱ ጣቢያ ነው፤ የቀድሞው ለገሀር አይደለም። በጅቡቲ በኩል መውረጃው ነጋድ የሚባለው ጣቢያ ሲሆን እሱም ከመሐል ከተማ ውጭ ስለሆነ ታክሲ ያስፈልጋል። የጉዞውን ቀንና ሰዓት ትኬት ከምትቆርጡበት መስኮት አረጋግጡ። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ፓስፖርት ያስፈልገዋል፤ የመግቢያ ፈቃዱንም ሳትጓዙ ጨርሱ። ከወላጆቹ አንዱ ብቻ የሚሄድ ከሆነ የሌላኛው ስምምነት በጽሑፍ ቢያዝ ድንበር ላይ ከጥያቄ ያድናል።

ወሩ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ አየሩ 25 እና 30 ዲግሪ መካከል ይሆናል። ከግንቦት ጀምሮ ግን ሙቀቱ እየበረታ ሄዶ በክረምቱ ጅቡቲ 40 ዲግሪ ታልፋለች፤ ሐምሌ ላይ ኸምሲን የሚሉት ትኩስ የአቧራ ነፋስ ይነፍሳል። ያ ጊዜ ለልጅ አይሆንም። ከከተማው በስተ ምዕራብ ዶራሌና ኮር አምባዶ የባሕር ዳር መዋያዎች ናቸው። የሥራ ዕረፍት ቀናቸው ዓርብና ቅዳሜ ስለሆነ ፀጥታ ከፈለጋችሁ እሑድን ወይም ሰኞን ምረጡ። ጥላ እንዳታጡ ጃንጥላና አንድ ነጠላ ወይም ሸራ ይዛችሁ ሂዱ።

ባሕሩ ከመዋኛ በአራት ነገር ይለያል። ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ ጠዋት ደረቅ ሆኖ ያነጠፋችሁበት ቦታ ከሰዓት በኋላ ውሃ ይሆናል፣ ጉልበት የነበረው ደግሞ ደረት ይደርሳል። ነፋስ ከየብስ ወደ ባሕር ሲነፍስ ጎማና የሚነፋ ፍራሽ ልጁን ይዞ ይሄዳል፤ ተከትሎ የሚዋኝ አዋቂ አይደርስበትም፤ ስለዚህ የሚነፋ ነገር ወደ ባሕር አታስገቡ። ሦስተኛው ወደ ውስጥ የሚስብ ፈጣን ውሃ ነው፤ በማዕበል መሐል ያለ አረፋ የሌለው ጠባብ መስመር ሆኖ ይታያል፣ ለማያውቀው ጸጥ ያለ መግቢያ ይመስላል። የያዘው ሰው ወደ ዳር ቀጥታ ቢታገል ይደክማል። ከዳሩ ጎን ለጎን እየዋኘ ከመስመሩ መውጣት፣ ካቃተውም ተንሳፍፎ እጁን ማንሳት አለበት።

አራተኛው ከሥር ያለው ነው። ድንጋያማው ቦታ ላይ እሾሃማ የባሕር ፍጥረቶች፣ አሸዋው ውስጥ ተቀብሮ የሚተኛ መርዛማ አሳ አለ፤ ልጆቹ ሶሉ ወፍራም የሆነ የውሃ ጫማ ያድርጉ፣ እግራቸውንም ሳያነሱ እየጎተቱ ይራመዱ። የተወጋ እግር ልጁ በሚችለው ሙቅ ውሃ (ከ45 ዲግሪ ሳይበልጥ፤ አዋቂ በእጁ ቀድሞ ይሞክረው) ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ይዘፈዘፍ፤ መርዙ በሙቀት ይደክማል። ከዚያም ሐኪም ይየው። ዝልግልግ የሆነው ጄሊፊሽ ካቃጠለው በባሕሩ ውሃ እጠቡት፤ ንጹሕ ውሃ ያልፈነዱትን የመርዝ ከረጢቶች ያፈነዳል። የተጣበቀውን ክር በካርድ ጠርዝ ወይም በወረንጦ አንሱ። አሸዋ ማሸትና ሽንት ማፍሰስ ጉዳቱን ያብሳል።

አሳል ሐይቅን ለመጨመር ካሰባችሁ፣ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ ያለ፣ ጨውነቱ ከባሕር አሥር እጥፍ የሚደርስ ውሃ ነው። ለማየት ያስደንቃል። ለትንንሽ ልጆች ግን መግባት ይቅር፦ ጨዉ ዓይን ያቃጥላል፣ የዳሩ የጨው ድንጋይ እንደ መስታወት ይቆርጣል።

«ምሳ ከቤት ይዘን ስንሄድ ሁልጊዜ የሆነ ልጅ ሆዱን ያመዋል። ምን እያጠፋን ነው?» — ከሳቢያን

ሰዓቱን ነው። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ የበሰለ ሩዝና ማዮኔዝ ያለበት ምግብ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ አየሩ ከ32 ዲግሪ ካለፈ 1 ሰዓት ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ የድሬዳዋ ተራ ቀን ነው። ንጋት 11 ሰዓት የተጠበሰ የሥጋ ሳምቡሳ 7 ሰዓት ላይ ሲበላ ስምንት ሰዓት ሞላው። ሳምቡሳው በምስር ቢሆን እንኳ ሳይቀዘቅዝ ክዳን ባለው ሳህን አይታፈን፤ በራሱ ላብ ይበላሻል።

ለመዋያ የሚሆኑት ደረቆቹ ናቸው፦ ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ፣ አምባሻ፣ ሙዝ፣ ያልተላጠ ብርቱካንና መንደሪን፣ ከነልጣጩ የተቀቀለ ድንች። ለ4 ዓመት በታች ቆሎና ኦቾሎኒ አይሰጥ፣ ያንቀዋል። ሙሸበክና ሐላዋ ካሉ እጅ ለመታጠብ ውሃ ይኑር፤ ሽሮፑ ንብና ተርብ ይጠራል። ሥጋ የግድ ከሆነ ቀድሞ የቀዘቀዘውን ወፍራም ሳጥን ውስጥ፣ በበረዶ ጠርሙሶች መሐል። የውሃ ጠርሙሶችን ሌሊቱን ያበርዱ፤ ሲቀዘቅዝ ስለሚሰፋ አራት ጣት ያህል ጎደል ይበል። ሲቀልጥ ያው የምትጠጡት ውሃ ነው። የመጠጡና የምግቡ ሳጥን ይለያይ፤ የመጠጡ በየደቂቃው ስለሚከፈት ቅዝቃዜው ይወጣል።

«ሐረማያ ሐይቅ ውሃው ተመልሷል፤ ቀዝቃዛም ነው። ልጆች ቢገቡበት?» — ከሐረር

ዳሩ ለመዋል ያምራል፤ ደርቆ ላየው ሰው መመለሱ ትልቅ ደስታ ነው። መግባት ግን አንመክርም። ሥሩ ጭቃ ስለሆነ የልጅ እግር ይይዛል፣ ጥልቀቱም ከዳር አይታወቅም። ቀንድ አውጣና አረም ባለበት የተኛ ጨው አልባ ውሃ ደግሞ ቢልሃርዝያ ሊኖር ይችላል፤ ትሉ በጤነኛ ቆዳ አልፎ ስለሚገባ ቁስል አይጠብቅም፣ ቶሎ መድረቅም አስተማማኝ አይደለም። (ባሕር ውስጥ ይህ በሽታ የለም።)

ቅዝቃዜውም እንዳያታልላችሁ። ጨረሩ በየ1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ሐረማያ ላይ ፀሐዩ ከድሬዳዋ ይበረታል፤ ቆዳ የሚያቃጥለው ሙቀቱ ሳይሆን ጨረሩ ነው። ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣና ክንድ የሚሸፍን ልብስ ይሻላል። አልቢኒዝም ላለበት ልጅ ደግሞ የግድ ነው፤ ቁጥሩ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ ቅባት ከመውጣቱ 20 ደቂቃ ቀድሞ፣ ከዚያም በየ2 ሰዓቱ ይቀባ።

«ሕዝብ በበዛበት ቀን ልጅ ቢጠፋብን?» — ከአፈተ ኢሳ

ውሃ ባለበት ግቢ መጀመሪያ የሚታየው ውሃው ነው፤ መጫወቻውና ሱቁ ቀጥሎ ነው። አንድ ሰው መዋኛውን ከዳር እስከ ዳር ሲያይ ሌላው በሩ ላይ ይቁም። ጠዋት ስትገቡ ልጁን በለበሰው ልብስ ፎቶ አንሱት፤ በጭንቀት ሰዓት የሸሚዙ ቀለም ይረሳል። ስልክ ቁጥራችሁን በክንዱ ውስጠኛ ገጽ ላይ በእስክሪብቶ ጽፋችሁ በሚያሳይ ፕላስተር ሸፍኑት፤ ውሃ አያጠፋውም። ስሙን ግን ልብሱ ላይ በጉልህ አትጻፉ፤ እንግዳ ሰው በስሙ ሊጠራው ይችላል። ለልጁም አንድ ነገር አስጠኑት፦ ከጠፋ ባለበት ይቁም፤ ልጆች የያዘች እናት ወይም የግቢውን ልብስ የለበሰ ሠራተኛ ይጠይቅ።

«ከዋና በኋላ የልጄ ጆሮ ውሃ ይዞ ይቆያል። በጥጥ ላጽዳው?» — ከገንደ ቆሬ

ጥጥ የተጠቀለለበት እንጨትም ሆነ ክብሪት አያስገቡ፤ ሰሙን ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ቆዳውንም ይልጣል። ራሱን ወደ ጎን አዘንብለው የጆሮውን ቅጠል ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ ያድርጉ፣ ውጭውን በፎጣ ያድርቁ። ጆሮው ሲነካ ካመመው ወይም ፈሳሽ ካወጣ እስኪታይ ድረስ ውሃ አይግባ።